ቫይረስ የገባበትን ኮምፒውተር ከዊንዶውስ ውጭ መፈተሽ

ኮምፒውተር ቫይረስ ሳይገባበት አይቀርም ተብሎ ሲጠረጠር አብዛኛው ሰው አንቲቫይረሱን ከፍቶ ስካን ያደርጋል። «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ ሲያይ እፎይ ይላል። ግን ይህን መልስ የሰጠው ያው የተጠረጠረው ዊንዶውስ ነው። ተከሳሹን የራሱ ጉዳይ መርማሪ እንደማድረግ ማለት ነው። ሌላው መንገድ የተጫነውን ዊንዶውስ ጨርሶ አለማስነሳት ነው። ኮምፒውተሩ ከፍላሽ ወይም ከሲዲ በሌላ ንጹሕ ሲስተም ይነሳል፣ ሃርድ ዲስኩም ከውጭ ይፈተሻል።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም ለመረዳት ማልዌር (ቫይረስን ጨምሮ ማንኛውም ጎጂ ፕሮግራም) እንዴት እንደሚደበቅ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ፕሮግራም ፎልደር ውስጥ ምን እንዳለ ማየት ሲፈልግ ብዙውን ጊዜ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ይጠይቃል። ሲስተሙም የፋይሎቹን ዝርዝር ይሰጠዋል። ሩትኪት የሚባለው የማልዌር ዓይነት እዚህ መሀል ገብቶ ይቀመጣል። ዝርዝሩ ለጠያቂው ከመድረሱ በፊት የራሱን ፋይሎች ስም ያወጣል። አንቲቫይረሱ ያልታየውን ፋይል ሊፈትሽ አይችልም። ከውጭ በተነሳ ሲስተም ግን ያ ሩትኪት አይሠራም። ዲስኩ ላይ እንደማንኛውም ፋይል ዝም ብሎ ተኝቷል፤ ራሱን የሚደብቅበት አቅም የለውም።

ዘዴው የዛሬ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 ከላሆር፣ ፓኪስታን የተሰራጨው ብሬይን የተባለው ቫይረስ የፍሎፒ ዲስክ መነሻ ክፍል ላይ ይቀመጥ ነበር። አንድ ሰው ያንን ክፍል ለማንበብ ሲሞክር ቫይረሱ ሌላ ቦታ ያስቀመጠውን ጤነኛውን ኮፒ ያሳየዋል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ብዙ የኮምፒውተር ባለሙያ አንድ ንጹሕ ማስነሻ ፍሎፒ በመሳቢያው ያስቀምጥ ነበር። በትልቁ ፍሎፒ ጠርዝ ላይ ያለችው ቆረጥ ያለች ቦታ በተለጣፊ ወረቀት ከተሸፈነች ዲስኩ ላይ ምንም መጻፍ አይቻልም። ቫይረሱም ወደ ማስነሻው መሻገሪያ ያጣል።

ነገሩን ለብዙኃኑ ያሳወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2005 የተነሳው የሶኒ ቢኤምጂ ውዝግብ ነው። ኩባንያው የሙዚቃ ሲዲዎቹ እንዳይገለበጡ ብሎ ያስገባው ሶፍትዌር በገዢዎች ኮምፒውተር ላይ እንደ ሩትኪት ይደበቅ ነበር። ያጋለጠው ማርክ ሩሲኖቪች የተባለ የዊንዶውስ ባለሙያ ነው። ከሁሉ የከፋው፣ ሶፍትዌሩ ስሙ በአንድ የተወሰነ ምልክት የሚጀምር ማንኛውንም ፋይል ይደብቅ ስለነበር ሌሎች ቫይረስ ጸሐፊዎች ያንን ስም ተጠቅመው በነጻ ተሸሸጉበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሉሪዮን የተባለው ሩትኪት ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 ማይክሮሶፍት አንድ የደኅንነት ማሻሻያ ሲያወጣ ብዙ ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ስክሪን እያሳዩ አልነሳ አሉ። ሲጣራ አሉሪዮን ተደብቆባቸው የነበሩ ማሽኖች ሆነው ተገኙ። ባለቤቶቹ እስከዚያ ቀን ምንም አልጠረጠሩም።

ዛሬ ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች ለመጀመር የሚቀልለው ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ አብሮ የሚመጣው የማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን ነው። «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ «ስካን ኦፕሽንስ» ስር ይገኛል። ሲታዘዝ ኮምፒውተሩን ያጠፋና በትንሽ የማገገሚያ ዊንዶውስ አስነስቶ ይፈትሻል። አብዛኛውን ጊዜ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ፍላሽ አይፈልግም፣ ቅንብር መነካካትም የለበትም። ድክመቱ የማገገሚያው ሲስተም የተቀመጠው እዚያው በተጠረጠረው ዲስክ ላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጥሩ መነሻ ነው እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

ከዚያ የጠነከሩት ፍላሽ ላይ የሚጫኑት ሬስኪው ዲስኮች ናቸው። ካስፐርስኪ ሬስኪው ዲስክና ዶክተር ዌብ ላይቭዲስክ የታወቁ ናቸው፤ ሁለቱም ሊኑክስ በተባለው፣ ከዊንዶውስ የተለየ ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ የተሠሩ ናቸው። አሜሪካ ለሚኖር አንባቢ አንድ ማሳሰቢያ አለ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 የካስፐርስኪን ምርቶች ሽያጭና ማሻሻያ ስለከለከለ እዚያ ሌላ አማራጭ መፈለግ ይሻላል። ክላምኤቪ የተባለው ነጻ ስካነርም ከማንኛውም የሊኑክስ ፍላሽ ላይ ሊሠራ ይችላል።

ዝግጅቱ የሚሠራው በሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ነው። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፤ በታመመው ማሽን ላይ የተዘጋጀ ፍላሽ አይታመንም። የዲስኩ ፋይል ከአምራቹ ድረ ገጽ ይወርድና እንደ ሩፉስ ባለ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ይጻፋል። ፍላሹ ላይ የነበረ ነገር ሁሉ ይጠፋል። ፋይሉ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ስለሆነ ዳታ የሚቆጥብ ሰው ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዶ ቢያወርድ ይመረጣል። ስካነሩ ቫይረሶችን የሚያውቅበት ዝርዝር፣ ማለትም የቫይረስ መለያውም አዲስ መሆን አለበት፤ የዓምናው መለያ የዘንድሮውን ቫይረስ አያውቅም።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ሲበራ ማስነሻ መምረጫውን መጥራት ነው። በዴልና በሌኖቮ ብዙውን ጊዜ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9 ይጫናል። ከዚህ በፊት ግን ሁለት ነገር ካልተስተካከለ ሥራው ይበላሻል። አንደኛው የዊንዶውስ ፈጣን ማስነሻ ነው። ይህ ቅንብር በርቶ ከሆነ ዊንዶውስ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ሊኑክሱም ድራይቩን ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል እንጂ የተገኘውን ቫይረስ ማንሳት አይችልም። መፍትሔው የሺፍት ቁልፍን ተጭኖ «ሻት ዳውን» ማለት ነው። ሁለተኛው ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ ነው። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቅ ዲስኩን ቆልፈውት ይመጣሉ። የ48 አሃዝ የማገገሚያ ቁልፍ ከሌለ ከውጭ የሚታየው የማይነበብ ዳታ ብቻ ነው። ቁልፉ ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ገብቶ ወረቀት ላይ መጻፍ ነው። ሴኪዩር ቡትን (ያልታወቀ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለውን የኮምፒውተሩን ቅንብር) ማጥፋት ካስፈለገም ዊንዶውስ ተመልሶ ሲነሳ ይህንኑ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል።

ሙሉ ስካን ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ይሁን። መብራት ሄዶ ጽዳቱ መሀል ላይ ቢቋረጥ ጥሩ አይሆንም። ዝርዝሩ ሲመጣ «ሁሉንም ሰርዝ» ብሎ መጫን ያጓጓል፤ ግን ትዕግስት ይጠይቃል። ቫይረሱ የዊንዶውስን የራሱን ፋይል በክሎት ከሆነ፣ ፋይሉ ሲሰረዝ ዊንዶውስ አልነሳም ሊል ይችላል። ወይም ፓስወርድ ሲገባ ተመልሶ ወደ መግቢያው ገጽ እየወጣ ያስቸግራል። ስለዚህ ከመሰረዝ ይልቅ ኳራንቲን ማድረግ (ፋይሉን እንዳይሠራ ለይቶ ማስቀመጥ)፣ አስፈላጊ ሰነዶችንም አስቀድሞ ኮፒ ማድረግ ይመከራል።

እኛ ሀገር ይህ ዘዴ በደንብ የሚያገለግልበት አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱም ሾርትከት ቫይረስ ነው። ሲቪውን ለማተም ፍላሽ ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት የሄደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፎልደሮቹ በሙሉ ትንሽ ቀስት ያለባቸው፣ አንድ ኪሎባይት ገደማ የሚመዝኑ ሾርትከቶች ሆነው ይገኛሉ። ብዙ ሰው ፋይሌ ጠፋ ብሎ ፍላሹን ፎርማት ያደርጋል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋም። ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች «ድብቅ የሲስተም ፋይል» የሚል ምልክት ሰጥቷቸው ከዓይን ሰውሯቸዋል። ሾርትከቱ ሲነካ መጀመሪያ ቫይረሱን ያስነሳል፣ ከዚያ እውነተኛውን ፎልደር ይከፍታል፤ ተጠቃሚው ምንም አይጠረጥርም። ፍላሹ በሊኑክስ ሲከፈት ያ ምልክት አይሠራም። ሾርትከቶቹ፣ እውነተኞቹ ፎልደሮችና የቫይረሱ ስክሪፕት ጎን ለጎን ይታያሉ። አንዳንዱ ዓይነት ፋይሎቹን ስሙ ባዶ በሚመስል ፎልደር ውስጥ ያጭቃቸዋል፤ እሱም እዚያው ይታያል። ሰነዶቹን ብቻ መርጦ ኮፒ ማድረግ ይቻላል።

ጥገና ቤቶች ደግሞ ሃርድ ዲስኩን ነቅለው በዩኤስቢ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኝተው ይፈትሻሉ። ዊንዶውስ ጨርሶ አልነሳም ሲል ይህ ፍቱን ነው። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ከዚያ ዲስክ ላይ ምንም ፕሮግራም አለመክፈት ነው። ጥገና ቤት ያለው ማሽን ራሱ ንጹሕ መሆኑንም መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከውጭ መፈተሽ የማያየው ነገርም አለ። ሚሞሪ ላይ ብቻ የሚኖር ማልዌር ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ስካኑ ዱካውን ላያገኝ ይችላል። በማዘርቦርዱ ቺፕ ውስጥ የሚቀመጥም አለ። ኢሴት የተባለው የደኅንነት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ያደረገው ሎጃክስ እንዲህ ያለ ነው፤ ሃርድ ዲስክ ቢቀየርም አይለቅም። ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር ከሆነ ስካኑ ቫይረሱን ያነሳል እንጂ የተቆለፉትን ፋይሎች አይከፍትም። ሩትኪት ከተገኘ ደግሞ ማጽዳቱን እንደ ጊዜያዊ መፍትሔ ማየት ይሻላል። ሰነዶችን አውጥቶ፣ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ሰርዞ ዊንዶውስን እንደገና መጫን ያነሰ ጣጣ አለው።

ስካኑ የተሰረቀ ፓስወርድንም አይመልስም። ማልዌሩ ማሽኑ ላይ በቆየበት ጊዜ የተጻፈ ሁሉ ሌላ ሰው እጅ ገብቷል ብሎ ማሰብ ይገባል። የኢሜይል፣ የባንክና የቴሌግራም ፓስወርዶች ከሌላ ጤነኛ ስልክ ይቀየሩ፤ ከኢሜይሉ ይጀመር፣ ሌሎቹን መክፈቻው እሱ ነውና። በየአካውንቱ ውስጥ «ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ» የሚለውንም መጫን ያስፈልጋል። ሌባው ፓስወርዱ ከመቀየሩ በፊት ገብቶ ከሆነ እዚያው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።