ስለ ውሃ መናፍስት የሚነገረውና እውነታው

በሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር የውሃ መንፈስ ወሬ ሲነሳ፣ የናይጄሪያ ፊልም ያዩ ወጣቶች ወዲያው «ማሚ ዋታ» ይላሉ። ትውፊቱ ግን በአንድ ስም የሚጠቀለል አይደለም።

«የአፍሪካ የውሃ መንፈስ ሁሉ ማሚ ዋታ ናት» ይባላል። ማሚ ዋታ ግን የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ናት። ስሟ ከፒጂን እንግሊዝኛ (በምዕራብ አፍሪካ ከሚነገረው ቅይጥ እንግሊዝኛ) የመጣ ሲሆን «የውሃ እናት» እንደማለት ነው። ሌሎቹ የየራሳቸው ውሃ አላቸው፤ የናይጄሪያ ዮሩባዎች ኦሹን በስሟ የሚጠራው ወንዝ ባለቤት ናት፤ በደቡባዊ አፍሪካ በዛምቤዚ ወንዝ ዳር የቶንጋ ሕዝብ የሚያውቀው ኛሚኛሚ ደግሞ ወንድ ነው፣ የዓሣ ራስና የእባብ አካል ያለው።

«የማሚ ዋታ ሥዕል ከጥንት የወረደ ነው» የሚለውም ልክ አይደለም። እባብ የጠመጠመችው ባለ ረጅም ጸጉር ሴት፣ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ጀርመን ሃምቡርግ ከታተመ የእባብ አጫዋች ፖስተር የተወሰደች ናት። ፖስተሩ ምዕራብ አፍሪካ ደረሰ፤ በ1955 ቦምቤይ ላይ እንደገና ታትሞ በብዛት ተሰራጨ። ይህን የሰሙ ሰዎች «እንግዲያው የፈረንጅ ፈጠራ ናት» ይላሉ፤ ይህም ስህተት ነው። የውሃ መናፍስት እምነት ከፖስተሩ በፊት ነበር፤ ሰዎቹ ለሚያውቁት መንፈስ ያገኙትን መልክ አለበሱት።

«የውሃ መናፍስት ሁሉ ሰው የሚበሉ ሰይጣናት ናቸው» የሚለው ከሁሉ ይበልጥ ትውፊቱን ይጎዳል። ቶንጋዎች ኛሚኛሚን በረሃብ ዘመን ሕዝቡን የመገበ ጠባቂ አድርገው ያወሱታል። በዛምቤዚ ላይ የካሪባ ግድብ ሲሠራ ወደ 57,000 የሚጠጉ ቶንጋዎች ከቀያቸው ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 ጎርፍ ግንባታውን ሲመታው ሕዝቡ «ኛሚኛሚ ከሚስቱ ስለለዩት ተቆጣ» አለ። መንስኤው ከወትሮው የበዛ ዝናብ ነበር፤ ግድቡም በ1959 ተጠናቀቀ። ታሪኩ ግን የተፈናቃዩን ሐዘን እስከ ዛሬ ይናገራል። ናይጄሪያ ውስጥ ኦሾግቦ ከተማ የሚገኘው የኦሹን ጫካም የቆመው ዛፍ መቁረጥ፣ ማደንና ዓሣ ማጥመድ ስለተከለከለበት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2005 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

«ኢሬቻ ለሐይቅ መንፈስ የሚደረግ ስግደት ነው» ለሚሉ፦ አይደለም። ክረምቱ ሲያልፍ ሆራ አርሰዲ ላይ ለምለም ሣር ውሃ ውስጥ እየነከሩ የሚያመሰግኑት ፈጣሪን፣ ዋቃን ነው።

«ሐይቁ የወሰደውን ሬሳ ሦስት ቀን አቆይቶ ይመልሳል» የሚለው ግን በከፊል የታየ ነገር ነው። የሰጠመ አካል ወደ ታች ይወርዳል፤ ውስጡ ሲበሰብስ የሚፈጠረው ጋዝ መልሶ ያንሳፍፈዋል። በሞቀ ውሃ ጥቂት ቀናት ይበቃሉ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ሳምንታት ይፈጃል። «እግሬን ያዘኝ» የሚል ዋናተኛም ብዙ ጊዜ የተጠላለፈው በሣርና በደለል ነው። ሲንፈራገጥ ይብስ ይጠብቅበታል፤ በጀርባው ተንሳፍፎ እግሩን በዝግታ ቢስብ ይሻላል። ለመርዳት ዘለው አይግቡ፣ የሚሰጥም ሰው አዳኙን ይዞ ይወርዳል። ክዳኑ የተገጠመ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በገመድ አስረው ይወርውሩለት። ወጥቶ የማይተነፍስ ከሆነ ውሃ ለማውጣት ብለው ሆዱን አይጫኑ፤ መጀመሪያ 5 ጊዜ ትንፋሽ ይስጡት፣ ከዚያ 30 ጊዜ ደረቱን እየጫኑ 2 ትንፋሽ እየሰጡ እርዳታ እስኪደርስ ይቀጥሉ።