ነጸብራቅና አላፊ አግዳሚ በከተማ ሥዕል

የከተማ መንገድ፣ አላፊ አግዳሚው፣ በሱቅ መስታወት ወይም ዝናብ ባረጠበው ድንጋይ ላይ የሚያርፈው ነጸብራቅ አንድ ላይ የሚሣሉበት ልማድ የራሱ ስም ያለው ዘርፍ አይደለም። ቢሆንም ሠዓሊዎች ደጋግመው ተመልሰውበታል። ቀድሞ መስታወት የሚሣለው ባብዛኛው ቤት ውስጥ ነበር።

ነገሩን ወደ አደባባይ ያወጡት የ1870ዎቹ የፓሪስ ሠዓሊዎች ናቸው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ክሎድ ሞኔ ካፑሲን ጎዳናን ከፎቅ ሆኖ ሲሥል እያንዳንዱን እግረኛ በአንድ ሁለት የብሩሽ ጭረት አለፈው፤ ኢምፕሬሽኒስት የተባሉት ሠዓሊዎች በ1874 ባሳዩት የመጀመሪያ ኤግዚቢሽን አንድ ሃያሲ ተሳልቆበታል። ጉስታቭ ካይቦት በ1877 ያሳየው ዝናባማው የፓሪስ ጎዳና ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሸራው 2.12 በ2.76 ሜትር ስለሆነ ከፊት ያሉት ሰዎች የእውነተኛ ሰው ቁመት ሊያክሉ ምንም አልቀራቸውም። አንዲት የዝናብ ጠብታ አይታይም፤ መዝነቡን የሚነግሩን የተዘረጉት ጃንጥላዎችና የጥርብ ድንጋዩ ማንጸባረቅ ናቸው። ከፊት የሚራመዱት ጥንዶች እንኳ የሚያዩት ከሥዕሉ ውጭ ወዳለ ነገር ነው።

ብዙ ያከራከረው ኤዱዋር ማኔ በ1882 ያቀረበው፣ ፎሊ በርዤር በተባለው የፓሪስ የትርኢት አዳራሽ ያለውን መጠጥ ቤት የሚያሳየው ሥዕል ነው። አስተናጋጇ ፊት ለፊት ቆማ ሳለ ከኋላዋ ባለው መስታወት ጀርባዋ ወደ ቀኝ ሸሽቶ ይታያል፤ የምታነጋግረው ባለ ባርኔጣም ያለው መስታወቱ ውስጥ ብቻ ነው። ስህተት ነው ያሉ አልጠፉም። በኤክስሬይ ሲታይ ግን ማኔ ምስሉን ሆን ብሎ ወደ ቀኝ ገፍቶታል፤ ስለዚህ ስህተት ማለቱ አያስኬድም።

አሜሪካዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ሆፐር በ1927 ምሽት ላይ ቡና ይዛ ብቻዋን የተቀመጠች ሴት ሥሏል። በጨለማው መስኮት የጣሪያው መብራቶች በሁለት ረድፍ ይርቃሉ፤ የእሷ ምስል ግን የለም።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የኒውዮርኩ ሪቻርድ ኤስቲስ የሱቅ መስታወቶችን ከበርካታ ፎቶግራፎች እያጣመረ ሣለ። ካሜራ አንድ ርቀት ላይ ሲያነጣጥር ሌላው ይደበዝዛል፤ ኤስቲስ ግን ከመስታወቱ ጀርባ ያለውን ዕቃም፣ መስታወቱ ላይ ያረፈውን ሕንፃም እኩል አጥርቶ ያሳያል። ብሩሽ ካሜራን የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ከሥዕሎቹ በብዙዎቹ ሰው አይታይም።

በአሠራር ረገድ እርጥብ አስፋልት ከመስታወት ይለያል። ሸካራ በመሆኑ የመብራትን ነጸብራቅ ወደ ታች ይስባል፤ ሠዓሊውም ቀለሙን ቁልቁል ስቦ ብሩሹን በአግድም ያሳልፍበታል። የቆመ ሰው ጫማና ነጸብራቁ ይገናኛሉ። የሚራመድ ሰው ባነሳው እግርና በነጸብራቁ መካከል ግን ክፍተት ይተዋል።