ተደጋጋሚ የትከሻ ውልቃት ምንድን ነው?

አንዴ የወለቀ ትከሻ ለሁለተኛ ጊዜ ሲወልቅ ሰበቡ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው። መጀመሪያ የወለቀው ኳስ ሜዳ ላይ ተገፍቶ ወድቆ ይሆናል። ቀጥሎ ግን ጋቢውን ወደ ኋላ ሲያጣፋ ይወልቃል። ወይም አውቶቡስ ውስጥ የላይኛውን ብረት እንደያዘ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲረግጥ። አንዳንዱማ በእንቅልፍ ልቡ እጁን ከራሱ በላይ ዘርግቶ ሲገላበጥ ነው። ዘመድ ይሰበሰብና «ያኔ በደንብ ስላልተመለሰ ነው» ይላል። ወይ ወጌሻው ይወቀሳል፣ ወይ ሐኪሙ።

አብዛኛውን ጊዜ ይህ ወቀሳ ያለ ቦታው ነው። አጥንቱ በትክክል ተመልሷል። ሳይመለስ የቀረው ሌላ ነገር ነው።

ትከሻ ከተፈጥሮውም ለመውለቅ የተመቸ መጋጠሚያ ነው። ከትልልቆቹ መጋጠሚያዎች ሁሉ በብዛት የሚወልቀው እሱ ነው። የክንድ አጥንት የላይኛው ጫፍ ክብና ትልቅ ነው። የሚያርፍበት ጉድጓድ ግን ጠባብና ጥልቀት የሌለው ነው። በአንድ ጊዜ ከክቡ ጫፍ ሲሶውን ቢነካ ነው። ብርቱካን በስኒ ማስቀመጫ ላይ እንደማስቀመጥ በሉት። ዳሌ እንዲህ አይደለም። የጭን አጥንት ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ስለተቀበረ፣ ጤነኛ ዳሌ እንዲወልቅ እንደ መኪና አደጋ ያለ ከባድ ጉልበት ያስፈልጋል። ትከሻም እንደዚያ ቢቀበር ኖሮ ጀርባችንን ማከክ እንኳን ባልቻልን ነበር።

ታዲያ ይህ ክብ አጥንት በምን ተይዞ ይውላል? የጉድጓዱን አፍ ዙሪያውን የከበበ፣ ጠንካራ ግን የሚተጣጠፍ ጠርዝ አለ። ሐኪሞች ላብረም ይሉታል። ከጉድጓዱ ጥልቀት ግማሽ ያህሉ የእሱ ነው። ከዚህ ጠርዝ የሚነሱ ጅማቶች ክቡን ጫፍ ያቅፉታል። ከላያቸው ደግሞ አራት ጡንቻዎች ከበው አጥንቱን ወደ መሃል እየሳቡ ይይዙታል።

ከ100 የትከሻ ውልቃት 95 ያህሉ ወደ ፊት ነው። አደገኛው አኳኋን ድንጋይ ሊወረውር የተዘጋጀ ሰው እጅ ነው፤ ክንድ ወደ ጎን ተነስቶ ወደ ኋላ ሲጠመዘዝ። ክቡ አጥንት ወደ ፊትና ወደ ታች ሲያመልጥ የፊተኛውን ጠርዝ ከአጥንቱ ላይ ልጦ ይሄዳል። ከጠርዙ ጋር የተያያዙት ጅማቶችም አብረው ይላቀቃሉ፣ ይለጠጣሉ። ባንካርት የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ትከሻን ደጋግሞ የሚያስወልቀው ይህ ጉዳት መሆኑን በ1923 እ.ኤ.አ. ጻፈ። ዛሬም ጉዳቱ በእሱ ስም ይጠራል።

ክንዱ ተስቦ አጥንቱ ሲመለስ ሕመሙ ወዲያው ቀለል ይላል። ሰውየው እፎይ ይላል፤ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። የተላጠው ጠርዝ ግን ሁልጊዜ ከአጥንቱ ጋር አብሮ አይመለስም። ብዙ ጊዜ ከቦታው ተንሸራቶ፣ ዝቅ ብሎ ይጣበቃል። ቁስሉ ይድናል፤ የሚድነው ግን ያለ ቦታው ነው። ጅማቱም እንደላላ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ትከሻው ወደ ፊት ሲገፋ የሚያቆመው ነገር የለም።

በዚህ ላይ ሌላ ጉዳት ይጨመራል። ክቡ አጥንት ካመለጠ በኋላ የኋላ ጎኑ ከጉድጓዱ አጥንት ጋር ይጋጭና ይሰረጉዳል። ሂል እና ሳክስ የተባሉ ሁለት የራጅ ሐኪሞች አሜሪካ ውስጥ በ1940 እ.ኤ.አ. ይህን ስርጉድ በዝርዝር ገለጹት። ስርጉዱ ትልቅ ከሆነ፣ እጅ ሲነሳ የጉድጓዱ ጠርዝ እዚያ ውስጥ ይገባና አጥንቱን ፈልቅቆ ያወጣዋል። በየውልቃቱ ደግሞ የጉድጓዱ የፊት አጥንት ትንሽ ትንሽ ይሸረፋል። ድሮም ጠባብ የነበረው ማረፊያ ይብሱን ይጠባል። ሦስተኛውና አራተኛው ውልቃት በማይረባ ምክንያት የሚመጣው ለዚህ ነው።

«እኔ ራሴ ግድግዳ ተደግፌ እመልሰዋለሁ» እያለ የሚፎክር ጎረምሳ አይጠፋም። ጉብዝና አይደለም። በቀላሉ መመለሱ ራሱ ማረፊያው ምን ያህል እንደተጎዳ ያሳያል።

በማን ላይ ይደጋገማል ሲባል ከሁሉም በላይ የሚወስነው ዕድሜ ነው። በተለይ ስፖርት የሚሠራ፣ ከ20 ዓመት በታች ያለ ወጣት ትከሻው አንዴ ከወለቀ እንደገና የመውለቅ ዕድሉ ከግማሽ በላይ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ ግን ይህ ዕድል በጣም ይቀንሳል። ሰው የሚጠብቀው ተቃራኒውን ነው፤ «ልጅ ነው፣ ቶሎ ይጠግናል» ይባላል። የትልልቆቹ ችግር ሌላ ነው። እነሱ ጋ ጠርዙ ከመላጡ ይልቅ በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ጅማት ይበጠሳል። ትከሻው ተመልሶ ሳምንታት ካለፉ በኋላም እጃቸውን ማንሳት ካቃታቸው መመርመር ያለበት እሱ ነው።

ጅማታቸው ከተፈጥሮ የላላ ሰዎችም አሉ። አውራ ጣታቸውን አጥፈው ክንዳቸውን የሚያስነኩ፣ ጉልበታቸው ወደ ኋላ የሚለመጥ ዓይነቶቹ። የእነሱ ትከሻ ሳይወድቁ፣ ሳይመቱም ሊንሸራተት ይችላል፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም። ለእነሱ ቀዶ ሕክምና የመጀመሪያው መልስ አይደለም። ወራት የሚፈጅ የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴ ይቀድማል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ለብቻው ይታያል። በሚጥለው ጊዜ ጡንቻዎቹ ባንዴ ስለሚኮማተሩ ትከሻው ወደ ኋላም ሊወልቅ ይችላል። ይህኛው ከፊት ብቻ በተነሳ ራጅ በቀላሉ ይሸወዳል። በሽታው በመድኃኒት ካልተያዘ ትከሻውን ብቻ መጠገን ብዙም አያዛልቅም።

ወደ ወጌሻው እንመለስ። ትከሻ መመለስ የሚያውቁበት ወጌሾች አሉ፤ ይህን መካድ አይቻልም። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ያለ ራጅ አጥንቱ አብሮ መሰበር አለመሰበሩ አይታወቅም። የተሰበረን ክንድ መሳብ ደግሞ ስብራቱን ያብሰዋል። በብብት አካባቢ ነርቭና የደም ሥር ያልፋሉ። የትከሻው የውጭ ጎን ከደነዘዘ፣ ወይም እጅ ከቀዘቀዘና ከገረጣ፣ የወጌሻም የጓደኛም እጅ ሳይነካው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። ከተመለሰ በኋላ በየቀኑ ማሸት ደግሞ የተላጠውን ጠርዝ ወደ ቦታው አይመልሰውም።

ከመጀመሪያው ውልቃት በኋላ እጅ በጨርቅ ታስሮ እስከ ሦስት ሳምንት ገደማ ያርፋል። ከዚያ በላይ ማሰር ውልቃቱ እንዳይደገም ያን ያህል አይረዳም፤ በዕድሜ ለገፉት እንዲያውም ትከሻውን ያደርቀዋል። ቀጥሎ አጥንቱን አቅፈው የሚይዙትን ጡንቻዎች ማጠንከር ነው። ይህን ክፍል ነው ብዙ ሰው የሚዘለው፤ ሕመሙ ስለጠፋ።

መደጋገሙ ካላቆመ ቀዶ ሕክምና አለ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት የግሪኩ ሂፖክራተስ ትከሻው ደጋግሞ የሚወልቅን ሰው ብብት በጋለ ብረት ይተኩስ ነበር። የትኩሱ ጠባሳ ሲጠብቅ አጥንቱ የሚያመልጥበትን በር ይዘጋል ብሎ ነው። ትከሻውን ከላይና ከኋላ የሚተኩሱትን ሐኪሞች ደግሞ ይነቅፍ ነበር፤ አጥንቱ የሚወጣው በታች በኩል ነውና። ዘዴው ያስፈራል፤ ቦታውን ግን አልሳተም።

ዛሬ የተላጠው ጠርዝ በትናንሽ ቀዳዳዎች በኩል በሚገባ ካሜራ እየታየ ከአጥንቱ ጋር መልሶ ይሰፋል። የጉድጓዱ አጥንት ብዙ ከተሸረፈ ግን ስፌት ብቻውን አይበቃም። ላታርዤ የተባለ ፈረንሳዊ በ1954 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው ዘዴ፣ ከዚያው ከትከሻ ትንሽ አጥንት ከነጅማቱ ተቆርጦ በተሸረፈው ቦታ ላይ በብሎን ይታሰራል። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው በሲቲ ስካን የሚለካው የጎደለው አጥንት መጠን ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ወልቆለት የመጣ ሰው የሚቀርለት አማራጭ የሚጠበውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወደ ግፊያ ያለበት ጨዋታ ለመመለስ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል።