ኩዌስተር ምንድን ነው? ቁልፍ ያዥ እንጂ ገንዘብ አዛዥ አልነበረም

«ኩዌስተር ማለት የጥንታዊት ሮም የገንዘብ ሚኒስትር ነው» የሚለው አባባል ሰሞኑንም በአንድ ተንታኝ አንደበት ተደገመ። ጭራሽ ግብር የጣለውም፣ በጀት የደለደለውም፣ የጦርነት ወጪ የፈቀደውም እሱ ሆኖ ቀረበ። ከሦስቱ አንዱም የኩዌስተር ሥራ አልነበረም።

ኩዌስተር በሪፐብሊኩ ዘመን፣ ማለት ከንጉሠ ነገሥቶቹ በፊት፣ በሕዝብ ጉባኤ ለ1 ዓመት የሚመረጥ ሹም ነው፤ በሹመት መሰላል ላይም የመጀመሪያውን እርከን የሚረግጥ ጀማሪ ነበር። በመጀመሪያ 2 ነበሩ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ421 ወደ 4 አደጉ፤ አምባገነኑ ሱላ በ81 ቁጥራቸውን 20 አደረሰው። ሱላ ያበዛቸው ግምጃ ቤቱ ሰው ስላነሰው አይደለም። ኩዌስተር የሆነ ሁሉ በቀጥታ ሴኔት፣ ማለት የሮም የመሪዎች ሸንጎ፣ እንዲገባ ስለደነገገ፣ ሴኔቱን የሚሞላ ሰው በየዓመቱ ያስፈልገው ነበር። ዝቅተኛው ዕድሜ 30 ዓመት ሲሆን ማን የት እንደሚመደብ በአብዛኛው የሚለየው በዕጣ ነው። ከእነዚያ 20 ሰዎች የማዕከላዊውን ግምጃ ቤት ቁልፍ የሚይዙት 2 ብቻ ነበሩ።

የእድር ገንዘብ ያዥን አስቡ። ሳጥኑ እሱ ዘንድ ነው፤ ግን ለሐዘንተኛ ስንት እንደሚሰጥ፣ ድንኳን ይገዛ እንደሆነ የሚወስኑት አባላቱና ዳኛው ናቸው። መዋጮውንም እሱ አልተመነም። ያለ ቃለ ጉባኤ አንድ ብር ቢያወጣ ይጠየቅበታል። አሁን ይህ እድር ገንዘብ ያዡን በየዓመቱ በዕጣ እየለወጠ፣ መዝገቡን ግን ከቦታው በማይነቃነቅ ደመወዝተኛ ጸሐፊ እጅ ተወው እንበል። አዲሱ ገንዘብ ያዥ የትኛው ዕዳ እንደተከፈለ፣ የትኛው ቃለ ጉባኤ እውነተኛ እንደሆነ የሚያውቀው ጸሐፊው ሲነግረው ብቻ ይሆናል። የሮም ግምጃ ቤት በሽታም ይኸው ነበር።

ግምጃ ቤቱ ኤራሪየም ይባላል፤ ከካፒቶሊን ኮረብታ ግርጌ፣ በሳተርን ቤተ መቅደስ ውስጥ ነበር። ገንዘብ ብቻ አልነበረበትም፤ የሕግና የሴኔት ውሳኔ ቅጂ፣ የሌጌዎኖቹም (የጦር ክፍሎቹ) ዓርማ እዚያው ይቀመጥ ነበር። ወጪ የሚወጣው እንዲህ ነው፦ ሴኔት ገንዘቡን ይፈቅዳል፤ ውሳኔው ኤራሪየም ገብቶ ይመዘገባል፤ ከዚያ ኩዌስተሮቹ ለተፈቀደለት ሹም ይከፍላሉ። የታሪክ ጸሐፊው ፖሊቢዮስ እንደጻፈው ኩዌስተሮቹ ያለ ሴኔት ውሳኔ መክፈል የሚችሉት በየዓመቱ ለሚመረጡት ሁለት የበላይ ሹሞች፣ ለቆንስሎች፣ ብቻ ነው። ትልቁ ወጪ፣ የሕንፃና የመንገድ ሥራ፣ በየ5 ዓመቱ ለሚመረጡት ሴንሰሮች (የሕዝብ ቆጠራና የመንግሥት ውል ሹሞች) ይፈቀድላቸዋል፤ ተጫራች የሚመርጡትና ውል የሚያስሩት እነሱ ናቸው። ቀረጥ የመሰብሰቡን ሥራም ለባለሀብት ማኅበራት በጨረታ የሚያኮናትሩት ሴንሰሮች ነበሩ። ኩዌስተሩ የሚጠብቀው ተጫራቹ ሊከፍል የተዋዋለው ገንዘብ በጊዜው መድረሱን ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ64 ገደማ ፖለቲከኛው ታናሹ ካቶ ኩዌስተር ሲሆን ያደረገው ነገር ችግሩ የት እንደነበር ያሳያል። ሹመቱን ከመያዙ በፊት የግምጃ ቤቱን ሕግ አጠና፤ ይህ በጊዜው እንግዳ ነገር ነበር። ከገባ በኋላ ከጸሐፊዎቹ ጋር ተጣላ፣ ያጭበረበሩትንም አባረረ። መንግሥት ያለበትን የቆየ ዕዳ ከፈለ፣ ለመንግሥት የሚገባውንም አስከፈለ። አጠራጣሪ ውሳኔ ሲመጣለት ቆንስሎቹ ራሳቸው መጥተው በመሐላ እስኪያረጋግጡ ድረስ አልመዘገበም። ሱላ ጠላቶቹ እንዲገደሉ ባወጀ ጊዜ ለገደሉት ሰው በነፍስ 12,000 ዲናር የተቀበሉትን ሰዎችም ጠርቶ ገንዘቡን አስመለሰ። ይህ ሁሉ ግን ግብር መጣል ወይም በጀት መደልደል አይደለም። መዝገብ በትክክል መያዝ ነው፤ ካቶን ያስመሰገነውም ሌላው ይህን ስለማያደርግ ነው።

ወደ ክፍለ ሀገርና ወደ ጦር ሠራዊት የሚላከው ኩዌስተር ነገሩ ትንሽ ይለያል። አለቃው አገረ ገዥው ነው፤ ለወታደሩ ደመወዝ ይከፍላል፣ ስንቅ ይገዛል፣ ምርኮ ይሸጣል። አገረ ገዥው ሲሄድ ተክቶት ሊቆይም ይችላል፤ ጠበቃና ፖለቲከኛው ኪኬሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ50 ይገዛት የነበረችውን ኪልቅያን ለቆ ሲወጣ የተካው ኩዌስተሩን ነበር። ሥልጣን ቢኖረው እንኳ የመጣለት በውክልና እንጂ በገንዘብ ሹምነቱ አልነበረም።

ዘመኑን ሲጨርስ ሒሳቡን ለኤራሪየም ያስረክባል። ማስረከቡ ምን ያህል ልል እንደነበር የቬሬስ ሰነድ ይመሰክራል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ84 የቆንስል ካርቦ ኩዌስተር የነበረው ቬሬስ ያስገባው ሒሳብ ይህ ነው፦ የተቀበልኩት 2,235,417 ሴስተርቲየስ (የሮም ገንዘብ)፤ ለደመወዝ፣ ለእህል፣ ለምክትል አዛዦች፣ ለተተኪ ኩዌስተርና ለአዛዡ ጠባቂዎች የከፈልኩት 1,635,417፤ በአሪሚኑም ከተማ የተውኩት 600,000። ድምሩ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ይገጥማል። ለማን፣ መቼ፣ በስንት ዋጋ የሚል አንድ መስመር ግን የለም። ተረፈ የተባለው ገንዘብ ደግሞ ሒሳቡ በቀረበበት ጊዜ በጦርነት ተዘርፋ በነበረች ከተማ ነው «የተቀመጠው»። ኪኬሮ በ70 ቬሬስን ሲከስ ባዘጋጀው፣ በችሎት ግን ባልተነገረው ንግግር ውስጥ አጋለጠው፤ ኤራሪየም ግን ሲያስረክብ ተቀብሎታል። ከ59 ጀምሮ አገረ ገዥዎች የሒሳባቸውን ቅጂ በክፍለ ሀገሩ ሁለት ከተሞች እንዲተዉ፣ አንዱን ሮም እንዲያስገቡ የሚያስገድድ ሕግ የወጣው እንዲህ ያለው ነገር ስለበዛ ነው።

ንጉሠ ነገሥቶቹም ኤራሪየምን ለኩዌስተሮች እንደነበረ አልተዉላቸውም። አውግስጦስ ሥራውን መጀመሪያ ለተሿሚ ኃላፊዎች፣ ከዚያ በዕጣ ለሚመደቡ ፕሪቶሮች (ከቆንስል ቀጥለው ላሉ ሹሞች) ሰጠ። ቀላውዴዎስ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ44 ለኩዌስተሮች መለሰ፤ ነገር ግን እሱ ራሱ መርጦ ለ3 ዓመት እንዲያገለግሉ አደረገ። የታሪክ ጸሐፊው ታኪቶስ እንደሚለው ወጣቶቹ ለሥራው አልበሰሉም ነበር፤ ኔሮን በ56 ቁልፉን ነጥቆ ፕሪቶር ሆነው ላገለገሉ፣ በሥራ ለተፈተኑ ኃላፊዎች ሰጠው።