ስውር የውጭ ገንዘብና የበይነ መረብ የፖለቲካ ተንታኞች፦ ከጅማ የሚታይ ዳሰሳ

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቡናና የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ፖለቲካ የሚደመጠው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ነው። ድሮ አጭር ሞገድ ሬዲዮ ዙሪያ ይሰበሰብ የነበረው አድማጭ ዛሬ በርጫ ላይ ሆኖ ስልኩን ይከፍታል፤ የሚያየው ተንታኝ የት አገር ተቀምጦ እንደሚያወራ ግን ሁልጊዜ አያውቅም።

የውጭ ገንዘብ ሁሉ ስውር አይደለም። የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ክፍል ከ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምረው ሲያሰራጩ ከፋያቸው ማን እንደሆነ የታወቀ ነበር፤ አድማጩም ያንን ይዞ ይመዝን ነበር። ከዳያስፖራ በይፋ የሚሰበሰብ መዋጮም ሌላ ነገር ነው። ስውር የሚባለው ከፋዩ መክፈሉን ከአድማጭ፣ አንዳንዴም ከተከፋዩ ከራሱ ሲደብቅ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ገንዘቡ ሐሳብ ይገዛል ብሎ በማሰብ ነው። ሐሳቡ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞም የተንታኙ ነው። የሚገዛው ድግግሞሹ፣ የርዕሱ ምርጫና ለዓመታት የተገነባው ተከታይ ነው። ስለዚህ “እኔ የማላምንበትን አልተናገርኩም” የሚለው መልስ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄውን ግን አይመልስም።

በሰነድ በደንብ የተዘረዘረው ምሳሌ የአሜሪካው ነው። መስከረም 4 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ሁለት የሩሲያ መንግሥት ቴሌቪዥን (አርቲ) ሠራተኞችን ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ በቴነሲ ግዛት ወደሚገኝ ኩባንያ ገብቷል፤ ኩባንያው የፖለቲካ ተንታኞችን ቪዲዮ በበይነ መረብ የሚያሰራጨው ቴኔት ሚዲያ መሆኑ ወዲያው ታወቀ። ለአንድ ተንታኝ በሳምንት አራት ቪዲዮ እንዲሠራ በወር 400,000 ዶላርና የፊርማ 100,000 ዶላር ተመድቦለታል። ገንዘቡ የተላከው ቱርክን በመሳሰሉ አገሮች በተመዘገቡ የሽፋን ድርጅቶች ሲሆን፣ አንዳንዱ ሐዋላ ላይ የክፍያው ምክንያት የስልክ ግዢ ተብሎ ተጽፏል። ገንዘቡን የሚሰጥ ባለሀብት ተብሎ የቀረበው “ኤድዋርድ ግሪጎሪያን” የፈጠራ ሰው ነበር፤ ተንታኞቹ ማንነቱን ሲጠይቁ አንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ ተሰጣቸው፣ የራሱን ስም አጻጻፍ እንኳ በኢሜይሎቹ ላይ ተሳስቷል። ተንታኞቹ አልተከሰሱም፤ ተታለናል ብለዋል።

ለአፍሪካ የሚቀርበው ግን የጋናው ነው። በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ፌስቡክ የዘጋቸው ገጾች አክራ ላይ በአገሬው ወጣቶች የሚመሩ ነበሩ፤ የሚጽፉት ለአሜሪካ አንባቢ፣ ከኋላ የቆሙት ግን ሩሲያ ያሉ ሰዎች ነበሩ። ፌስቡክ ራሱ ወጣቶቹ “አውቀውም ሳያውቁም” ሠርተዋል ብሏል። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፈረንሳይና የጀርመን ዩቲዩበሮች የፋይዘርን ክትባት እንዲያጣጥሉ ክፍያ ቀረበላቸው፤ ቅድመ ሁኔታው ስፖንሰር እንዳላቸው እንዳይናገሩ ነበር። ጥቂቶቹ ኢሜይሉን በይፋ አወጡት፣ ዘመቻውም እዚያው ተጋለጠ። ነገሩ የሩሲያ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ፣ የአሜሪካው ሲአይኤ በ1950ዎቹና 60ዎቹ የአውሮፓን የሥነ ጽሑፍ መጽሔቶች በፋውንዴሽን ስም ሲደጉም እንደነበር በ1967 እ.ኤ.አ. መጋለጡን ያስታውስ።

የጅማ ሰው የቡናን ሰንሰለት ስለሚያውቅ ይህ አይከብደውም። ገበሬው ለሰብሳቢ፣ ሰብሳቢው ለአቅራቢ፣ አቅራቢው ለላኪ ይሸጣል፤ ገበሬው የመጨረሻውን ገዢ ላያየው ይችላል። እዚህ ግን ሰንሰለቱ የተረዘመው ሆን ተብሎ ነው።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ትንሽ ዶላርም ለአንድ ትንሽ ቻናል ትልቅ ብር ሆኗል። ቅናሽ የማይጠይቅ፣ የተመልካች ብዛት የማይጨንቀው ስፖንሰር ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው የውሉና የሐዋላው ስም ነው፤ ውሉን የፈረመው አንድ ድርጅት፣ ገንዘቡን የላከው ሌላ ከሆነ እዚያው ማቆም ይበጃል። ቀጥሎ ርዕስ የሚመርጠው ማን እንደሆነ ይጠየቃል። ማስታወቂያ የሚያስነግር ነጋዴ ስለ ዕቃው እንጂ ስለ ጦርነትና ምርጫ ርዕስ አይልክም። ሁሉንም የሚለየው ፈተና ግን ቀላል ነው፦ “ስፖንሰር መሆናችሁን ቪዲዮው ላይ እጽፋለሁ” ማለት። እውነተኛ ነጋዴ ደስ ይለዋል።

ሕጉን በተመለከተ፣ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 የፖለቲካ ፓርቲ ከውጭ ዜጋና ድርጅት ስጦታ እንዳይቀበል ይከለክላል። ተንታኙን በቀጥታ የሚነካው ግን የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ቅጣት ያስከትላል። ጽሑፉን የላከው ሌላ አገር ነው፤ ችሎት የሚቆመው ያነበበው ነው።

ተመልካች በበኩሉ የፌስቡክ ገጽ ግልጽነት ክፍልን ከፍቶ የገጹን የቀድሞ ስሞችና አስተዳዳሪዎቹ ያሉበትን አገር ማየት ይችላል። ትናንት የእግር ኳስ ገጽ የነበረ ዛሬ የፖለቲካ ተንታኝ ከሆነ ተሽጧል ብሎ መጠርጠር አይከፋም። አገሩን ግን በጥንቃቄ ማንበብ ያሻል፦ ብዙ የጅማ ቤተሰብ ሳዑዲ ወይም ዱባይ ዘመድ አለው፤ ገጹን የምታግዘው እህት እዚያ ስላለች ብቻ ሳዑዲ ዓረቢያ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።