«ማስኩሊን ካልቸር» ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ አንድ የጀንደር ትሬኒንግ ስላይድ ሲዞር አየሁ፣ «ኢትዮጵያ በሆፍስቴድ መለኪያ ማስኩሊኒቲዋ (ወንዳዊነቷ) 65 ነው፣ ስለዚህ ሴት የሚጨቁን ባህል ነው ያለን» ይላል። ሴቶች አይጨቆኑም አላልኩም፣ ይጨቆናሉ። ይሄ ቁጥር ግን እሱን አይለካም፣ ስንቴ ይባል?

ሆፍስቴድ (የአገሮችን ባህል በቁጥር ያወዳደረው የሆላንድ ተመራማሪ) የተነሳው ከ1967 እስከ 1973 (በፈረንጆቹ) በተለያየ አገር ካሉ የአይቢኤም (የኮምፒውተር ኩባንያው) ሰራተኞች ከተሰበሰበ ከ116,000 በላይ መጠይቅ ነው። ማስኩሊኒቲ የሚባለው ውጤት የወጣው «ስራ ላይ ምን ይበልጥብሃል?» ከሚለው ነው፤ ደሞዝ፣ እድገት፣ እውቅና የሚሉ ሲበዙ ቁጥሩ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ከአለቃ ጋር መስማማት፣ ጥሩ ሰፈር መኖር፣ የስራ ዋስትና የሚሉ ሲበዙ ወደ ታች። በቃ ይሄው ነው። ስለ ሴት መብት እዚህ ውስጥ አልተጠየቀም። (አዎ፣ ሆፍስቴድ ራሱ የወንድና የሴት ሚና ምን ያህል ይራራቃል ወደሚለው ወስዶታል፣ አውቃለሁ፣ ግን እሱ የሰጠው ትርጓሜ ነው እንጂ ሰራተኞቹ የመለሱት ጥያቄ አይደለም።)

ካላመናችሁ ሰንጠረዡን እዩት። ጃፓን 95፣ ስዊድን 5፣ እስከዚህ ለባለ ስላይዱ ይመቸዋል። ከዛስ? ኢራን 43፣ ጀርመን 66፣ እንግሊዝም 66። በሱ ስሌት የቴህራኗ ሴት ከበርሊኗ የተሻለ ነፃነት አላት ማለት ነዋ። ወይስ ቁጥሩ የሚሰራው ሲመች ብቻ ነው?

የኛማ ይብሳል። በአይቢኤሙ ዳታ ኢትዮጵያ ለብቻዋ ውጤት የላትም፣ ከኬንያ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር «ምስራቅ አፍሪካ» ተብላ ተጨፍልቃ 41 ነው የተሰጣት፣ 65 ከዛ አልመጣም።

እሺ፣ 41ዱም ልክ ነው እንበል። የኢትዮጵያን አማካይ ከፍታ አስሉና ዳሎል ላለው ሰውዬ ጋቢ ላኩለት። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ ዳሎል ከባህር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፣ አማካዩ ልክ ሊሆን ይችላል፣ ሰውዬው ግን በጋቢው ምን ያድርግበት? ደግሞ ከፍታውን የለካነው አገሩን ዞረን ቢሆን ጥሩ፣ በጃንሆይ ጊዜ አንድ ቢሮ ውስጥ ከተቀመጡ ሰዎች ጠይቀን፣ ከናይሮቢና ከሉሳካ ጋር ደምረን አካፍለን ነው። ጉራጌ ጓሮዋ እንሰት የምትፍቀውን እናት ማንም አልጠየቃትም። እና ይሄን ይዞ «አበበ ማስኩሊን ካልቸር ስለሆነ ነው ልጁን የማያዝለው» የሚል ትሬነር አለ እኮ! የአገር አማካይ ስለ አገር አማካይ ነው የሚያወራው፣ ስለ አበበ ምንም አያውቅም።

የህዝቡን አመለካከት ከፈለጋችሁ ወርልድ ቫልዩስ ሰርቬይ (በብዙ አገር ሰዎችን ስለ አመለካከታቸው የሚጠይቅ ጥናት) አለላችሁ፣ ኢትዮጵያም በ2007 እና በ2020 (በፈረንጆቹ) ገብታበታለች። «ስራ ሲጠፋ ከሴት ይልቅ ወንድ ቅድሚያ ማግኘት አለበት» በሚለው ትስማማለህ ወይ ብሎ ፊት ለፊት ይጠይቃል። እዚህም ማንም ባይጠይቀኝም አንድ ነገር ልጨምር፣ አማቷ መደቡ ላይ ቁጭ ብላ እየሰማች ከሆነ ልጅቷ የምትመልሰው ለጠያቂው ሳይሆን ለአማቷ ነው፣ ባልየው ደግሞ «እሷ ምን ታውቃለች፣ እኔን ጠይቁኝ» እያለ መሀል ይገባል። ጎበዝ ዳታ ኮሌክተር ባልየውን «ከብቶቹን አሳየው» ብሎ ከስራ ባልደረባው ጋር ወደ ውጪ ይልከዋል፣ ሁሉም ግን ጎበዝ አይደለም።