ስቲቨን ዲኬተር፦ የሚወራለትና እውነቱ

አትላንታ አካባቢ ያላችሁ ዲኬተር የምትባለውን ከተማ ታውቋታላችሁ፣ ስሟ የመጣው ከስቲቨን ዲኬተር፣ ከድሮው የአሜሪካ ባህር ኃይል መኮንን ነው፣ ግን አንዳንዱ ሰው ሰውየው የዛ ከተማ ልጅ ይመስለዋል። አይደለም፣ በ1779 ሜሪላንድ ነው የተወለደው፣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከተማዋ እሱ ከሞተ በኋላ ተቆርቁራ ነው በስሙ የተጠራችው።

«ትሪፖሊ ገብቶ እስረኞቹን አስፈታ» የሚሉትስ? ትሪፖሊ (የዛሬዋ የሊቢያ ዋና ከተማ) ያኔ ከአሜሪካ ጋር ጦርነት ላይ ነበረች። ፊላደልፊያ የምትባል የአሜሪካ የጦር መርከብ በ1803 ትሪፖሊ አጠገብ ከባህሩ ስር ካለ ድንጋይ ጋር ተጋጭታ አልንቀሳቀስ አለችና ካፒቴኑ ቤይንብሪጅ ከ300 ገደማ ሰዎቹ ጋር ተማረከ፣ ትሪፖሊዎች መርከቧን አውጥተው ወደብ ውስጥ አሰሯት። ዲኬተር በፌብሩወሪ 1804 ማታ በትንሽ የንግድ መርከብ ተመስሎ ገባ፣ ሲሲሊያዊው መንገድ መሪ ዘበኞቹን ማዕበል መልህቃችንን ወሰደብን እዚህ እንሰር ብሎ ሸወዳቸው፣ ከዛ ዘለው ወጡባትና በ20 ደቂቃ ገደማ አቃጥለዋት ሄዱ፣ ከነሱ አንድም ሰው አልሞተም! ጀብዱ ነው፣ ማንም አይክድም። ግን እስረኞቹ ጋ አልደረሰም፣ እነሱ የተፈቱት በ1805 60,000 ዶላር ተከፍሎ ነው።

«ተሸንፎ አያውቅም»፦ ያውቃል። አሜሪካና እንግሊዝ ሲዋጉ በ1812 ማሴዶኒያን የምትባለውን የእንግሊዝ የጦር መርከብ ማርኳል፣ በጃንዋሪ 1815 ግን ፕሬዝደንት የምትባለውን መርከብ ይዞ ከኒውዮርክ ሲወጣ አሸዋ ላይ ተላትማ ተጎዳችና እንግሊዞች አሳደው እጅ አሰጡት፣ የሚገርመው የሰላም ውሉ ተፈርሞ ወሬው ገና ባህር አልተሻገረም ነበር።

«ትክክልም ሆነች ስህተት ሀገሬ» ያለው በ1816 ኖርፎክ (ቨርጂኒያ) ግብዣ ላይ ጽዋ ሲያነሳ ነው፣ ግን ሰው ቆርጦ የሚጥለው ክፍል አለ፣ መጀመሪያ ሀገራችን ከሌሎች ጋር ባላት ነገር ሁሌ ትክክለኛ ትሁን ብሎ ተመኝቷል።

«ጦር ሜዳ ነው የሞተው» የሚሉት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። የገደለው የራሱ ባህር ኃይል መኮንን ጄምስ ባሮን ነው። ባሮን በ1807 ቼሳፒክ የምትባለውን መርከብ ለእንግሊዞች ብዙም ሳይዋጋ አስረክቦ ተከሰሰ፣ ከፈረዱበት ዳኞች አንዱ ዲኬተር ነበር፣ በኋላም ወደ ስራ ልመለስ ሲል ዲኬተር አጥብቆ ተቃወመው፣ ደብዳቤ በደብዳቤ ተሰዳደቡና ማርች 22 ቀን 1820 ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ብላደንስበርግ ለክብር ሁለት ለሁለት ሊታኮሱ ሽጉጥ ይዘው በስምንት እርምጃ ርቀት ቆሙ። የዲኬተር አጃቢ ማን ቢሆን ጥሩ ነው፣ ያ መርከቡን የተቀማው ቤይንብሪጅ! ሁለቱም ተመታቱ፣ ዲኬተር ዋይት ሀውስ አጠገብ ያለው ቤቱ ወስደውት ማታውኑ ሞተ፣ 41 ዓመቱ ነበር፣ ባሮን ግን ድኖ እስከ 1851 ኖረ።